ደጋን ብቻ የሚያውቅ መሰላል፦ በጋምቤላ ስፖርተኛን የማፍራትና የመደገፍ ፈተና

እ.ኤ.አ. በ2016 በሪዮ ዴ ጄኔሮ ኦሎምፒክ በወንዶች 800 ሜትር ማጣሪያ ከተሰለፉት ሯጮች አንዱ ዪች ፑር ቢኤል ይባላል። የሮጠው በአገር ሰንደቅ ዓላማ ሥር አልነበረም፤ በዚያ ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ የተቋቋመው የስደተኞች ቡድን አባል ሆኖ በኦሎምፒክ ባንዲራ ሥር ነበር። ከማጣሪያው አላለፈም፤ ይሁንና ለኢትዮጵያ የስፖርት ተመራማሪ ከውጤቱ ይልቅ የወጣበት ስፍራ አነጋጋሪ ነው። ትውልዱ ናስር ነው። ናስር በሶባት ወንዝ ዳር የተቆረቆረች የደቡብ ሱዳን ከተማ ስትሆን፣ ሶባት ደግሞ ከጋምቤላ የሚወርደው ባሮ ድንበር ላይ ከፒቦር ጋር ሲቀላቀል የሚያገኘው ስም ነው። በጋምቤላ ከተማ ድልድይ ሥር ያለፈ ውኃ ናስርን ሳይዳስስ ነጭ ዓባይ አይደርስም። ኑዌርኛም በድንበሩ ወዲህም ሆነ ወዲያ ይነገራል።

ዪች ከጦርነት ሸሽቶ የደረሰው ግን ወደ ሰሜን ምዕራብ ኬንያ፣ ወደ ካኩማ መጠለያ ጣቢያ ነበር። ካኩማ እንደ ጋምቤላ ቆላ ነው፤ ከባሕር ወለል ብዙም ከፍ አይልም፣ ፀሐዩም አይጣል ነው። የቀድሞዋ የማራቶን ሯጭ ቴግላ ሎሩፔ ያቋቋመችው የሰላም ፋውንዴሽን በዚያ የመምረጫ ሩጫ አካሄደ፤ የተመረጡትንም ናይሮቢ አጠገብ ወዳለችው ንጎንግ ወስዶ አሠለጠነ። በሪዮ ከተሰለፉት 10 ስደተኛ ስፖርተኞች 5ቱ የወጡት ከዚህ ጎዳና ነው። ከስምንት ዓመት በኋላ በፓሪስ ቡድኑ ወደ 37 ስፖርተኞች ሲያድግም ኬንያ ከአስተናጋጅ አገሮች መካከል ነበረች። በሁለቱም ጊዜ ኢትዮጵያ በዝርዝሩ ውስጥ አልነበረችም፤ ጋምቤላ ግን በዚያው ዘመን በኩሌ፣ በቲርኪዲ፣ በጀዊ፣ በንጉኝየል፣ በፒኝዶና በሌሎችም ጣቢያዎች ከ300 ሺህ በላይ የደቡብ ሱዳን ስደተኞችን ታስጠልል ነበር። በ1999 ዓ.ም. የሕዝብና ቤት ቆጠራ የክልሉ ነዋሪ ራሱ 307 ሺህ ገደማ እንደነበር ልብ ይሏል።

ንጽጽሩ ኬንያን ለማወደስ የቀረበ አይደለም። ጠቀሜታው ስለ ጋምቤላ ስፖርት በተነሣ ቁጥር የሚደመጠውን አንድ ዘፈን ለማቆም ነው። በስብሰባም፣ በሬዲዮም፣ በምረቃ ጽሑፍም «ክልሉ የተፈጥሮ ተሰጥዖ ባለቤት ነው» ይባላል፤ ቁመት ይጠቀሳል፣ የክንድ ርዝመት ይጠቀሳል፣ ከዚያም ነገሩ ያልቃል። የአኝዋና የኑዌር ወጣቶች በአማካይ ረጃጅም መሆናቸው ሐሰት አይደለም። ሆኖም ቁመት ሥልጠና አይደለም፤ ተሰጥዖን ማወደስም ብዙ ጊዜ ኃላፊነትን የማሸሻ ጨዋ መንገድ ይሆናል። ተፈጥሮ ሁሉን ከሰጠች መንግሥት፣ ፌዴሬሽንና ዩኒቨርሲቲ ምን ቀራቸው? በካኩማና በጋምቤላ መካከል ያለው ልዩነት የአካል አይደለም፤ የሙቀትም አይደለም። በአንዱ ስፍራ ሰዓት የያዘ ሰው ቆሞ ልጆቹን ተመለከተ፤ ከዚያም የሚወስዳቸው ቦታ ነበረው።

ጉዳዩን በቅጡ ለመረዳት የኢትዮጵያ ስፖርት ምን ዓይነት መሰላል እንደሠራ መመልከት ያስፈልጋል። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1956 በሜልቦርን ኦሎምፒክን ከተቀላቀለች ወዲህ ከ60 በላይ ሜዳሊያዎችን አግኝታለች። ሁሉም በአትሌቲክስ የተገኙ ናቸው፤ ከ800 ሜትር ባጠረ ርቀትም ሆነ በውርወራና በዝላይ የተገኘ አንድም የለም። በ800 ሜትር እንኳ የመጀመሪያው የተገኘው ገና እ.ኤ.አ. በ2024 በፓሪስ፣ በፅጌ ዱጉማ እግር ነው። ይህ ታሪክ የሚያኮራ ነው፤ ነገር ግን ተቋም ሆኗል። በቆጂ 2,800 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ናት፤ የጥሩነሽ ዲባባ ማሠልጠኛ ማዕከል በአሰላ ነው፤ ደመወዝ የሚከፍሉት ታላላቅ ክለቦች፣ መከላከያውም፣ ንግድ ባንኩም፣ ኤሌክትሪኩም፣ መቀመጫቸው አዲስ አበባ ነው። የአሠልጣኙ ዕውቀት፣ የማናጀሩ ትውውቅ፣ የጎዳና ላይ ሩጫው ሽልማት፣ የጋዜጠኛው ዓይን ሳይቀር በረጅም ርቀት ዙሪያ ተገንብቷል። ስፍር ቁጥር የሌለው የአርሲና የሸዋ ልጅ በዚህ መሰላል ወጥቷል። ከባሕር ወለል 500 ሜትር ያህል ብቻ ከፍ ብላ የተቀመጠችው የጋምቤላ ልጅ ግን የመሰላሉን የመጀመሪያ እርከን አታገኘውም፤ የተተከለው ሌላ አገር ነውና።

በአንጻሩ በአገር አቀፍ ሻምፒዮናዎች የውጤት ዝርዝር ላይ በጦር፣ በአሎሎ፣ በዲስከስ ውርወራ፣ በሥሉስና በከፍታ ዝላይ የጋምቤላ ስሞችን ማግኘት ለተከታታዮች እንግዳ አይደለም። ችግሩ የሚጀምረው ከድሉ ማግስት ነው። አንድ ጦር ወርዋሪ የአገሪቱ ሻምፒዮን ከሆነ በኋላ ወዴት ይሄዳል? ለፓሪስ ኦሎምፒክ በወንዶች ጦር ውርወራ የተቀመጠው ቀጥተኛ መግቢያ 85.50 ሜትር ነበር። እዚያ ያልደረሰ በዓለም ደረጃ ሰንጠረዥ ነጥብ አጠራቅሞ መግባት ይችላል፤ ነጥብ የሚገኘው ግን ዕውቅና ባላቸው ውድድሮች በመሳተፍ ነው፤ ለዚያም የአውሮፕላን ትኬት፣ ቪዛና የሚልክ ፌዴሬሽን ያስፈልጋል። ፌዴሬሽኑ ደግሞ የሚልከው ሜዳሊያ የሚጠብቅበትን ነው። ስለዚህ ወርዋሪው ውጤት ስለሌለው አይላክም፤ ስለማይላክም ውጤት አያገኝም። ሃያ አራት ዓመት ሲሞላው ፖሊስ ወይም መምህር ይሆናል፤ እርሱ ካልተሳካም ጦሩ ተሰቅሎ ይቀራል።

ከዚህ አዙሪት መውጣት እንደሚቻል የሚያሳየው ምሳሌም ሩቅ አይደለም። ኬንያም እንደ ኢትዮጵያ የረጅም ርቀት አገር ናት። ጁልየስ ዬጎ የጦር ውርወራን ስልት በአብዛኛው በኢንተርኔት ቪዲዮ እየተመለከተ እንደተማረ የታወቀ ነው፤ ዝናው የተገነባውም በዚሁ ታሪክ ላይ ነው። ሲተረክ የሚዘለለው ክፍል ግን ይበልጥ ያስተምራል። ዬጎ በዓለም አቀፉ ፌዴሬሽን ድጋፍ ፊንላንድ ሄዶ ሠልጥኗል፤ አገሩም በፖሊስ ሠራዊት ቀጥራው ደመወዝ አግኝቷል። እ.ኤ.አ. በ2015 በቤጂንግ 92.72 ሜትር ወርውሮ የዓለም ሻምፒዮን የሆነው፣ በማግሥቱም ዓመት በሪዮ የብር ሜዳሊያ ያገኘው ቪዲዮው ላይ ሥልጠናና ደመወዝ ተጨምሮ ነው። ቪዲዮ በጋምቤላም አለ።

እዚህ ላይ ጋምቤላን ከትናንሽ የደሴት አገሮች ጋር ማነጻጸር ይጠቅማል። ንጽጽሩ ከሚመስለው በላይ ቅርብ ነው። ክልሉ ከአዲስ አበባ ከ750 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። ክረምት ሲገባ ባሮ፣ አልዌሮ፣ ጊሎና አኮቦ ሞልተው ሲፈሱ ኢታንግ፣ ላሬ፣ ጅካዎና ማኩዌይ በውኃ ይከበባሉ፤ ከወረዳ ወደ ወረዳ መሄጃው ታንኳ የሚሆንበት ወቅት አለ። ሕዝቡም በቁጥር ከአንዳንድ የካሪቢያን አገሮች ጋር የሚቀራረብ ነው፤ እንዲያውም ይበልጣል።

ታዲያ እነዚያ ደሴቶች ምን አደረጉ? ሴንት ሉሺያ ወደ 180 ሺህ የሚጠጋ ሕዝብ አላት። እ.ኤ.አ. በ2009 አንድ ሆስፒታሏ በእሳት ሲጋይ ሕሙማኑ ወደ ዋናው ስታዲየም ተዛወሩ፤ ስታዲየሙም ከአሥር ዓመት በላይ ሆስፒታል ሆኖ ቆየ። በፓሪስ የሴቶችን 100 ሜትር ያሸነፈችው ጁልየን አልፍሬድ፣ ለአገሯ የመጀመሪያውን የኦሎምፒክ ሜዳሊያ ያስገኘችው፣ የዚህች ስታዲየም አልባ ደሴት ልጅ ናት። በ14 ዓመቷ ወደ ጃማይካ ተላከች፤ ቀጥላ በቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ሠለጠነች። የዶሚኒካዋ ቲያ ላፎንድ በዚያው ኦሎምፒክ በሥሉስ ዝላይ ወርቅ ስታገኝ የአገሯ ሕዝብ 70 ሺህ ገደማ ነበር፤ እርሷም ያደገችው አሜሪካ ነው። በለንደን የ400 ሜትር ሻምፒዮን የሆነው የግሬናዳው ኪራኒ ጄምስ በአላባማ ዩኒቨርሲቲ በኩል አልፏል። ደሴቶቹ ልጆቻቸውን በራሳቸው ሜዳ አላበቁም፤ ይልቁንም ሦስት ነገሮች ነበሯቸው፦ ልጁን ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ የሚያሳየው የትምህርት ቤቶች ውድድርና እ.ኤ.አ. ከ1972 ጀምሮ የሚካሄደው የካሪፍታ ጨዋታ፤ ልጁን የሚቀበል የውጭ ትምህርት ቤት፤ እንዲሁም ባንዲራ።

የባንዲራው ነገር በቀላሉ መታለፍ የለበትም። አንድም ስፖርተኛ በቀጥታ ማብቃት ያልቻለ አገር በዓለም አትሌቲክስ ደንብ አንድ ተወዳዳሪ በልዩ ዕድል ማስመዝገብ ይችላል። ትንሹ የደሴት አገር እንዲሁ በመኖሩ ወንበር አለው። ጋምቤላ በስፋትም ሆነ በሕዝብ ቁጥር ከእነዚህ አገሮች ብዙዎቹን ትበልጣለች፤ ወንበር ግን የላትም። ልጇ ወደ ዓለም መድረክ የምትደርሰው በአንድ በር ብቻ ነው፤ በሩም ከዓለም ምርጥ የረጅም ርቀት ሯጮች ጋር የሚጋፉበት የአዲስ አበባ በር ነው። ይህ ሲባል ክልሉ ባንዲራ ያስፈልገዋል ማለት አይደለም። ፌዴሬሽኑ ለአንድ ክልል ልጆች ብቸኛ በር ከሆነ፣ የቱን የስፖርት ዓይነት ይዘው ቢመጡ እንደሚያስገባቸው አስቀድሞ የመወሰን ግዴታ አለበት ማለት ነው።

ወንዙን ተሻግሮ ያለው ጎረቤት የዚህን ተቃራኒ ያሳያል። ደቡብ ሱዳን አገር የሆነችው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው። የቅርጫት ኳስ ፌዴሬሽኗን የመራው የቀድሞው የኤን.ቢ.ኤ. ተጫዋች ሉኦል ዴንግ ሲሆን፣ ብሔራዊ ቡድኑ ሲገነባ በአገሪቱ ጣሪያ ያለው የቅርጫት ኳስ ሜዳ እንዳልነበረ በተደጋጋሚ ተናግሯል። ቡድኑ እ.ኤ.አ. በ2023 የዓለም ዋንጫ ሦስት ጨዋታዎችን አሸንፎ ለፓሪስ አለፈ፤ በዚያም ፖርቶ ሪኮን 90 ለ79 ረታ። በአሜሪካ 103 ለ86 በተሸነፈበት ጨዋታ 24 ነጥብ ያስቆጠረው ኑኒ ኦሞት ይባላል። የተወለደው ናይሮቢ ነው፤ ቤተሰቡ ግን ከኢትዮጵያ የተሰደደ ነው፤ ኦሞት የሚለው ስምም በአኝዋ ዘንድ የተለመደ ነው። ነገሩን አጋንኖ «ኢትዮጵያ ያጣችው ኮከብ» ማለት ልክ አይሆንም፤ ቤተሰቡን ያሰደደው የስፖርት ሥርዓት አይደለምና። የጋምቤላ ታዳጊ ግን የአጎቱን ልጅ የሚመስል ተጫዋች በቴሌቪዥን ያያል፤ መለያው ላይ ያለው ስም የሌላ አገር ነው። ተስፋውን ወዴት አቅጣጫ እንደሚያስይዘው ለመገመት ጥናት አያስፈልግም።

እግር ኳስ ሌላ መልክ አለው። ኡመድ ኡክሪ ከጋምቤላ ተነሥቶ ለዓመታት በግብፅ ሊግ ተጫውቷል። ጋቶች ፓኖም በኢትዮጵያ ቡና ታይቶ እ.ኤ.አ. በ2017 ወደ ሩሲያው አንዚ ማካችካላ አምርቷል፤ በብሔራዊ ቡድኑም መሐል ሜዳውን ይዟል። ሁለቱ ከሌሎች የክልሉ ልጆች የተለየ ሰውነት አልነበራቸውም፤ የተለየው በእግር ኳስ ገበያ መኖሩ ነው። ክለብ ተጫዋች ይፈልጋል፤ ስለዚህ መልማይ ጋምቤላ ድረስ ይሄዳል። አሎሎ ወርዋሪ የሚፈልግ ክለብ ግን ቁጥሩ እጅግ ጥቂት ነው። ገበያ በሌለበት የመንግሥት እጅ ካልገባ ማንም አይገባም።

ታዲያ ምን ይሁን? የተለመደው መልስ «ልጆቹን መርጦ አዲስ አበባ ወደሚገኘው ስፖርት አካዳሚ ማምጣት» የሚል ነው። የተለመደው ተቃውሞ ደግሞ «የቆላ ልጅ ደጋ አይስማማውም» ይላል። ተቃውሞው በሳይንስ ሲመዘን ደካማ ነው። ቀጭን አየር አጭር ርቀት ሯጭንና ዘላይን አይጎዳም፤ እንዲያውም ይጠቅማል። ቦብ ቢሞን እ.ኤ.አ. በ1968 8.90 ሜትር የዘለለው 2,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ባላት ሜክሲኮ ሲቲ ነበር። ስለዚህ ማዕከሉ ጋምቤላ ይሁን የሚለው ክርክር በአየር ላይ ሊቆም አይችልም፤ የሚቆመው በሰው ላይ ነው። የ14 ዓመት ልጅ ቋንቋው በማይነገርበት፣ ምግቡ በማይገኝበት፣ ሌሊቱ በሚያንቀጠቅጥበት ከተማ ብቻውን ሲጣል በመጀመሪያው ዓመት የሚፈተነው ጡንቻው አይደለም፤ ልቡ ነው። ቤተሰቡ ሊጠይቀው ቢነሣ በመቱና በጅማ በኩል የቀናት መንገድ ይጠብቀዋል። ከውድድር የወጣ ልጅ ደግሞ ትምህርቱም አብሮ ተቋርጦ ይመለሳል። የደሴቶቹ ልጆች ርቀው መሄዳቸው እውነት ነው፤ ነገር ግን በቤታቸው ደጅ በተደጋጋሚ ተወዳድረው፣ ተለይተውና በርትተው ነው የሄዱት።

ለልጃገረዶች ነገሩ ይብሳል። በኑዌር ማኅበረሰብ ጋብቻ የሚታሠረው በከብት ጥሎሽ መሆኑ በሥነ ሰብእ ጥናት በስፋት የተመዘገበ ነው፤ የደረሰች ልጅ ለቤተሰቧ ጉልበትም ሀብትም ናት። «ለሥልጠና ትሂድ» ብሎ ደብዳቤ የሚጽፍ ቢሮ የሚጠይቀው የልጅቱን ፈቃድ ብቻ ሳይሆን የአባትና የአጎቶችን የኑሮ ስሌት እንዲለወጥ ነው። የትጥቅና የትራንስፖርት አበል ይህን ስሌት አይለውጥም። ሁለተኛ ደረጃ እስክትጨርስ የሚቆይ፣ በቤተሰቡ እጅ የሚገባ የትምህርት ድጋፍ ግን ሊለውጠው ይችላል። ይህ በስፖርት በጀት ሰነድ ውስጥ የተለመደ ርዕስ ስላልሆነ ሲታቀድ ይዘለላል።

ወባም በዚሁ ተርታ ይገባል። በክልሉ ወባ የዓመት እንግዳ አይደለም፤ የቤት ነዋሪ ነው። አሠልጣኙ «ልምምድ ቀረ» ብሎ የሚመዘግበው ልጅ ብዙ ጊዜ ትኩሳት ላይ የነበረ ነው። በሽታው ቀይ የደም ሕዋስን ያጠፋል፤ ደጋው ለበቆጂ ልጅ የሚጨምርለትን ያንኑ ነገር ቆላው ከጋምቤላ ልጅ ይቀንሳል። አጎበር፣ ፈጣን ምርመራና ከሕመም በኋላ ቀስ በቀስ ወደ ልምምድ የመመለሻ ሥርዓት ከጦርና ከአሎሎ እኩል የሥልጠና ዕቃዎች ናቸው። ሌላው የልምምድ ሌባ ጸጥታ ነው። ሰኔ 7 ቀን 2014 ዓ.ም. በከተማይቱ ከደረሰው ጥቃት በኋላም ሆነ በብሔረሰቦች መካከል ግጭት በተነሣባቸው ወቅቶች የሰዓት እላፊ ተደንግጓል። በቆላ ልምምድ የሚቻለው ጎሕ ሲቀድና ፀሐይ ስትጠልቅ ነው፤ የሰዓት እላፊ የሚነጥቀው ሁለቱን ሰዓታት ነው።

ከሁሉ ያነሰ ትኩረት ያገኘው፣ ምናልባትም ብዙ ልጆችን ያስቀረው፣ የወረቀት ጉዳይ ነው። በኢትዮጵያ ዘመናዊው የወሳኝ ኩነት ምዝገባ የተጀመረው በሐምሌ 2008 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ ነው፤ ስደተኞችን ማካተት የጀመረው ደግሞ በ2010 ዓ.ም. መግቢያ ነው። ከዚያ በፊት በጅካዎ ወይም በዲማ የተወለደ ልጅ በልደቱ ዕለት የተጻፈ ወረቀት የለውም። ታዳጊዎች በዕድሜ ገደብ በሚወዳደሩበት መድረክ ረጅም ቁመትና ያልተረጋገጠ የልደት ቀን አንድ ላይ ሲቀርቡ ጥርጣሬ ይነሣል። እግር ኳሱ እ.ኤ.አ. ከ2009 ወዲህ ከ17 ዓመት በታች ውድድሮች የእጅ አንጓ ኤም.አር.አይ. ምርመራ ይጠቀማል፤ በአገር ውስጥ ግን ብዙ ጊዜ ዳኛው ዓይን ነው። የድንበር ልጅ ሲሆን በዕድሜ ጥያቄ ላይ የዜግነት ጥያቄ ይደረባል። የዕድሜ ማጭበርበር በአገሪቱ ስፖርት እውነተኛ በሽታ መሆኑን ማንም አይክድም፤ ይሁንና መድኃኒቱ በአንድ መልክ ባላቸው ልጆች ላይ ብቻ ከወደቀ ከበሽታው ያላነሰ ይጎዳል።

የወረቀቱ ነገር ስደተኛና ተቀባዩን ማኅበረሰብ በአንድነት ወደሚያይ ዕቅድ ያመራል። አዋጅ ቁጥር 1110/2011 ስደተኞች በአገሪቱ ኑሮ ውስጥ የሚሳተፉበትን በር በብዙ መልኩ ከፍቷል። ዓለም አቀፉ የኦሎምፒክ ኮሚቴ ለስደተኛ ስፖርተኞች የነጻ ሥልጠና ድጋፍ የሚሰጠው በአስተናጋጅ አገሮች ብሔራዊ ኮሚቴዎች በኩል ነው። አንድ አሠልጣኝ በዚህ መንገድ ኩሌ ወይም ጀዊ ቢመደብ በአቅራቢያው ያሉ የኢታንግና የጋምቤላ ከተማ ልጆች በዚያው ሜዳ አብረው እንዲሠለጥኑ ማድረግ ተጨማሪ ዕውቀት እንጂ ተጨማሪ ሜዳ አይጠይቅም። በየጣቢያው በእርዳታ ድርጅቶች የሚዘጋጁ ጨዋታዎች ጊዜ ማሳለፊያና የሥነ ልቡና ድጋፍ ሆነው ያገለግላሉ፤ ይህም ትንሽ ነገር አይደለም። ነገር ግን ሰዓት የሚይዝ፣ ውጤት የሚመዘግብ፣ ልጁን በሚቀጥለው ዓመት ፈልጎ የሚያገኝ ሰው ከሌለ ካኩማ ላይ የሆነው እዚህ አይሆንም።

ስለ ስታዲየም አንድ ነገር ሳይጠቀስ መታለፍ የለበትም። በአገሪቱ የስፖርት ልማት ሲባል ቀድሞ የሚታሰበው ሲሚንቶ ነው፤ የመሠረት ድንጋይ ይጣላል፣ ሪባን ይቆረጣል። ስታዲየም ግን ወርዋሪ አያሠለጥንም። ለውርወራና ለዝላይ ሥልጠና የሚበቃው የተደለደለ ሜዳ፣ የአሸዋ ጉድጓድ፣ የኮንክሪት መወርወሪያ ክብ፣ ጥቂት ደኅና ጦሮችና ቋሚ ደመወዝ ያለው አሠልጣኝ ነው። ከእነዚህ ሁሉ ውዱና ብርቁ የመጨረሻው ነው። በስፖርት ሳይንስ የተመረቁ ወጣቶች በየዓመቱ ከየዩኒቨርሲቲው ይወጣሉ፤ ጋምቤላም የራሷ ዩኒቨርሲቲ አላት። የክልሉ ቋንቋ ተናጋሪ የሆኑ ጥቂት ምሩቃን በውርወራና በዝላይ ብቻ ለይቶ ማሠልጠንና ለአሥር ዓመት በአንድ ስፍራ ማቆየት ከአንድ የስታዲየም ክንፍ ባነሰ ወጪ ይቻላል።

ከአሠልጣኙ ቀጥሎ ውድድር ይመጣል። ጃማይካ የትምህርት ቤቶች ሻምፒዮናዋን የጀመረችው እ.ኤ.አ. በ1910 ነው፤ ዛሬ ዓለም የሚያውቃቸው ሯጮቿ ያለፉት በእርሱ ነው። ጋምቤላ፣ ቤኒሻንጉል ጉሙዝ፣ አፋርና ሶማሌ በአንድነት «ታዳጊ ክልሎች» ሲባሉ ኖረዋል፤ ሁሉም ሰፊ ቆላ አላቸው። ለእነርሱ የሚሆን የቆላ ክልሎች የትምህርት ቤቶች ጨዋታ፣ በአጭር ርቀት፣ በዝላይ፣ በውርወራና በቅርጫት ኳስ ብቻ የሚካሄድ፣ መንገድ በሚከፈትበት በበጋው ወራት የሚውል፣ እስካሁን በማንም የዓመት መርሐ ግብር ላይ አልተጻፈም። በ1990 ዓ.ም. የወጣው የአገሪቱ ስፖርት ፖሊሲ ስፖርትን ከመኖሪያ፣ ከትምህርትና ከሥራ ቦታ ማስጀመርን መርሕ አድርጓል፤ ሐሳቡ ከፖሊሲው ቃል ጋር የሚጣላ አይደለም። የሚጣላው በጀቱ በአብዛኛው ልዑካንን ወደ ማዕከል ለመላክ ከሚውልበት ልማድ ጋር ነው።

የምርምሩ ዓለምም ከወቀሳ አያመልጥም። በስፖርት ሳይንስ የሚቀርቡ የማስተርስ ጽሑፎች ስለ ታዳጊ ፕሮጀክቶች መጠይቅ ይበትናሉ፤ «የበጀት እጥረት፣ የማዘውተሪያ ስፍራ እጥረት፣ የትጥቅ እጥረት» የሚል መልስ ይሰበስባሉ፤ በሰንጠረዥ ያስቀምጡና ያበቃሉ። እነዚህ መልሶች ከመጠይቁ በፊትም የታወቁ ነበሩ። በአንጻሩ አንድን የልጆች ቡድን ከ13 እስከ 19 ዓመት ዕድሜያቸው ድረስ እየተከተለ ቁመታቸውን፣ ዝላያቸውን፣ የወባ ሕመማቸውን፣ የትምህርት ቤት ቆይታቸውንና ከሥልጠና የወጡበትን ምክንያት የሚመዘግብ ሥራ ከአንድ ተመራቂ የሁለት ዓመት ጊዜ በላይ ይጠይቃል፤ ስለዚህ ከተመራቂ ወደ ተመራቂ የሚተላለፍ የትምህርት ክፍል መዝገብ ሆኖ መያዝ ይኖርበታል። ልጆቹን ለመመልመልም፣ ፌዴሬሽኑን ለመሞገትም፣ የዕድሜ ጥርጣሬን ለመመለስም የሚያገለግለው ያ መዝገብ ነው።

ለዚህ የሚሆን የጊዜ ሰሌዳ በተፈጥሮ ተሰጥቷል። ምዝገባው ከተጀመረ በኋላ በክልሉ የተወለዱና የልደት ወረቀት የያዙ የመጀመሪያዎቹ ልጆች ዛሬ የአንደኛ ደረጃ ተማሪዎች ናቸው። ዕድሜያቸው ከ18 ዓመት በታች በሆነው ዓለም አቀፍ መድረክ ለመሰለፍ የሚደርሰው በ2025 ዓ.ም. ግድም ነው። አንድ ወርዋሪ ወይም ዘላይ መሠረታዊውን ስልት ለመያዝ አራትና አምስት ዓመት ይፈጅበታል። ከዚያ ወደ ኋላ ሲቆጠር የአሠልጣኙ ቅጥር ደብዳቤ መጻፍ ያለበት በ2020 ዓ.ም. ወይም ከዚያ በፊት ነው።